የሰው ታሪክ ጽፎ ባዶ እጅ ለመቅረት

ጋሼ ደውለው «የሕይወት ታሪኬን ጻፊልኝ» ሲሉሽ ዋጋ አትጥሪ። «ግድ የለም ጋሼ፣ እንተማመናለን» በይ። በትልቅ ሰው ፊት ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር መስሎሽ ዝም ካልሽ፣ ዋጋውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ቀብድም አትጠይቂ። የቤት ኪራይሽን ከሌላ ቦታ ፈልጊ።

ክፍያው በታተመው ገጽ ልክ እንዲሆን ተስማሚ። የተቀዳ ድምፅ መገልበጥ ከመጻፉ በላይ ጊዜ ይበላል። ጋሼ አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ያወሩታል፤ የትኛው እውነት እንደሆነ አጣርተሽ፣ ዓመተ ምሕረቱን አስተካክለሽ፣ ምዕራፉን ስትጨርሺ ልጆቻቸው «ይሄ ይውጣ» ይላሉ። ያ ሁሉ ከገጽ አይቆጠርም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የዚህ ሥራ አብዛኛው ልፋት መጽሐፉ ላይ አይታይም።

እርማቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ አትወስኚ። እትዬም ያንብቡት፣ አሜሪካ ያለው ልጅም በቴሌግራም ይላክለትና የተረሱትን አጎቶች ያስጨምር።

ውል አትጻፊ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ሐረግ የተቀመጠችው ላንቺ ነበር። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይውጣ ወይስ ምስጋናው ውስጥ ይግባ፣ ሁለተኛ እትም ሲወጣ ድርሻ አለሽ ወይ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ያልቅ የነበረውን ለጋሼ ደግነት ተዪው። ደግ ናቸው። ወራሾቻቸውን ግን አታውቂያቸውም።

የሚከፍልሽ የጋሼ ድርጅት ከሆነ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳታወጪ ሂጂ። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ይህን ቁጥር ካላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ላይ ከፋዩ 30 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር ያዝዛል። ወሩን ሙሉ ያመሸሽበት ብር ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ሲቀነስ ያን ጊዜ ታይዋለሽ።

በመጨረሻም ቀሪው ክፍያ ሳይገባ ሙሉውን ረቂቅ ላኪ። «መጽሐፉ ይሸጥና እንከፍልሻለን» ሲሉሽ እሺ በይ። የሽያጩ ብር ከአዟሪና ከመጻሕፍት መደብር እየተለቃቀመ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ነው ወረቀቱን የቆረጠው፤ የሽፋን ሠዓሊውም ተከፍሎታል። መቼ እንደሚከፍሉሽ ሳትጠይቂ ስልኩን ዝጊ።