የኋላ ዐይን

የሰሜን አሜሪካ ሰው ከከተማ ሁካታ ርቆ እንደ ቀደሙት መናንያን የምድረ በዳን ጸጥታ ሊቀምስ በተነሣ ጊዜ፣ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መጸዳጃውን ሳይቀር በመንኰራኵር ላይ አድርጎ በመኪናው ጭራ እየጐተተ መውጣቱ፣ ለምናኔ የተሰጠ አዲስ ትርጓሜ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ2018 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ጀምሮ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ተጐታቹ ቤት የተቀጠለ ዕለት ያ ካሜራ ከቤቱ ግንባር በቀር የሚያየው የለም።

ስለዚህ ሁለተኛ ዐይን ይገዛል፤ ያለ ሽቦ የሚሠራው በርቀትና በብረት ብዛት ምስሉ ይቆራረጣል ብሎ ባለ ሽቦውን ይመርጣል። ከዚያ ወዲያ ተጋድሎው ይጀምራል፦ ዝናብ እንዳይገባ የደከመበትን ግድግዳ በገዛ እጁ ይበሳል፣ ቀዳዳውን መልሶ በማስቲሽ ይደፍናል፣ በሻሲው ሥር በደረቱ እየተሳበ ሽቦውን ያስራል። ኤሌክትሪኩን ከኋላ መብራቱ መስመር የጠለፈው እንደ ሆነ ደግሞ፣ በቀትር ፀሐይ ኋላውን ለማየት መብራት ማብራት ግድ ይሆንበታል፤ በቀን ፋኖስ ይዞ ይዞር ነበር የሚባለው የግሪኩ ፈላስፋ ዲዮጋን እንኳ ሰው ፍለጋ ነበር።

በካሊፎርኒያ ሕግ፣ መቅደም በማይቻልበት ጠባብ መንገድ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ከኋላው አምስት መኪና ከተሰለፈ ዳር ይዞ ሊያሳልፍ ይገባዋል። ካሜራው ግን አጥርቶ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ጌታው በንጹሕ ሕሊና መንገዱን ይቀጥላል።