ዓሣን ከልጆች ጋር ስለመጥበስ፦ ከማንኩሽ የተገኘ ምልከታ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር ስለሌላት፣ የባሕር ምግብ አጠባበስን የሚመለከተው የዕውቀት ዘርፍ ባለቤት አጥቶ ቆይቷል። ክፍተቱን የሞላችው የጉባ ወረዳዋ ማንኩሽ ናት። ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ወደ ጎረቤትነት መጣ። (ጉሙዞች ግድቡ ሳይታሰብም ከዐባይ ዓሣ ያወጡ ነበር። ይህ ግን መላምታችንን ስለሚያበላሽ በቅንፍ አልፈነዋል።) ግድቡ ስለሚያመነጨው 5,150 ሜጋ ዋት ብዙ ተብሏል። የሐይቁ ቆሮሶ በልጆች ፊት እንዴት እንደሚጠበስ ግን የጻፈ የለም።

ሥራው በቅርፊት ይጀምራል። ቅርፊት የሚፋቀው ከጅራት ወደ ጭንቅላት ነው። ልጆች የሚፍቁት ደግሞ ወደ ወንድማቸው ነው። ስለዚህ ቅርፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ፀጉር ውስጥ፣ ለሰኞ በታጠበው ዩኒፎርም ላይ ይገኛል። አምባዛ ቅርፊት የለውምና ለዚህ ተመራጭ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ስለሚከለክል ብዙ ቤት አይገባም። ሕጉ ሲሰጥ ስለ ወጥ ቤት ጽዳት የተነሣ ሐሳብ አልነበረም።

ዓሣው ታጥቦ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ጨው ሲነሰነስበት የነገረ መለኮቱ ክፍል ይከተላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ጉዳይ ልጅ እንዲህ ያሳጥረዋል፦ «አባዬ ይበላል፣ እማዬ አትበላም። ታዲያ የማን ጾም ነው የፈረሰው?» ጥናቱ ይህን መስክ በአክብሮት ለቋል።

ዘይቱ ጋ ቀልድ የለም። የውሃ ጠብታ በጋለ ዘይት ውስጥ ሰምጦ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ዘይቱንም ይዞ ይፈናጠራል። ስለዚህ ዓሣው በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ ዱቄትም ይለበሳል። ዱቄቱ የልጆች ድርሻ ነው፤ ግማሹ ዓሣው ላይ ያርፋል። መጥበሻው ጋ የሚቆመው አዋቂ ብቻ ነው። ልጆች ራቅ ብለው እንዲቀመጡ ይታዘዛሉ፤ ዓሣው መንጣጣት ሲጀምር ርቀቱ ማንም ሳይንቀሳቀስ ይጠባል።

ዋናው ግኝት ያለው ገበታው ላይ ነው። ሎሚና ዳጣ ቀርቦ ሁሉም ሲጀምር፣ እናት እሾህ ትለቅማለች። ለታናሹ ለቅማ ሳትጨርስ ታላቁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ በራሱ መልቀም የሚችለውም ዛሬ አልችልም ይላል። ሥጋው በዚህ መንገድ አልቆ ለእናት ጭንቅላቱ ይተርፋል። «እኔ እኮ የምወደው ጭንቅላቱን ነው» ትላለች። ልጆች በሌሉበት ገበታ ይህንኑ ስትል የሰማ ምስክር እስካሁን አልተገኘም።