እስከ ባሕር በእግር

ሌላው ዓለም ወንዝ ዳር ሐውልት ደርድሮ ሕዝቡን እስከ ባሕር በእግሩ ያናፍሳል። የሶማሊላንዷ ሐርጌሳስ ምን ጎደላት? ወንዟ ማሮዲ ጄሕ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ደግሞ ሰው ይሮጣል እንጂ አይንሸራሸርም። ባሕሩም ቅርብ ነው፤ በርበራ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል። ጫማ ይጥበቅ!

ሥዕልና ሐውልቱማ ሞልቷል። የሱቁ ግድግዳ ሁሉ ጥርስ፣ መርፌና ፍራሽ ተስሎበታል። መሐል ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋን የደበደበው አየር ኃይል ሚግ አውሮፕላን ቆሟል፤ የያኔው የሶማሊያ መሪ ሲያድ ባሬ ለሥነ ጥበብ ያበረከቱት ይኸው ነው። በበርበራው መንገድ ደግሞ ሺህ ዓመታትን የተሻገሩት የላስ ጌል የዋሻ ሥዕል ላሞች አሉ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2002 «አገኘናቸው» አሉ፤ እረኞቹ ለካ ጠፍተውባቸው ኖሯል!