«ሃፒ» ሰለቸን

አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኢንሹራንስ ማማረር እናውቅበታለን። ስለ «ሃፒ» ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔስ በቃኝ።

ሰኞ ጠዋት ካፖርታችንን ሳናወልቅ «ሃፒ መንደይ!» እንባላለን። ሰኞ ምን አድርጎልን ነው? ረቡዕ ሳምንቱ ተጋመሰ ተብሎ «ሃፒ ሃምፕ ደይ» ነው። ዓርብ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ደብል ሺፍት የሚገባ ሰው ሁሉ «ሃፒ ፍራይደይ» ሲሉት ፈገግ ብሎ መመለስ አለበት። ከስተመር ሲያመሰግን «ሃፒ ቱ ሄልፕ» ይባላል፤ እግር አብጦም ቢሆን። ሱፐርቫይዘሩ «አይም ኖት ሃፒ» ካለ ግን አዝኛለሁ ማለቱ አይምሰላችሁ፤ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሩ።

ቃሉ ድሮ እንዲህ አያስጨንቅም ነበር። «ሃፕ» ዕድል ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሃፒ የሚሉት ዕድል የቀናውን ሰው ነበር። ያልቀናውን ደግሞ ለምን አልቀናህም ብሎ የሚገመግመው አለቃ አልነበረም። ቶማስ ጄፈርሰን እንኳ በ1776 የነፃነት መግለጫውን ሲያረቅ ደስታን የመሻት መብት ብሎ ነው የጻፈው፤ አግኝታችሁ አሳዩን አላለም።

የልደት መዝሙሩስ? ዜማው በ1893 ለሕፃናት የማለዳ ሰላምታ ተብሎ የታተመ ነው። ኋላ «ሃፒ በርዝደይ» ተባለና ለንግድ የተጠቀመበት ሁሉ የሚከፍልበት ሆነ። በ2015 አንድ ዳኛ የባለመብትነቱን ጥያቄ ውድቅ እስካደረጉ ድረስ ብዙ ምግብ ቤቶች ክፍያውን ሽሽት የራሳቸውን የጭብጨባ ዘፈን ፈጥረው ነበር። አጨብጫቢው ማን ነው? ትሪ የተሸከመው ያው የእኛው ሰው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግንቦት ላይ ነው። ሜሞሪያል ደይ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ ፍራሽ በቅናሽ የሚሸጠው ሱቅ ግን «ሃፒ ሜሞሪያል ደይ» ብሎ ይለጥፋል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው፣ በተለይ ልጅ የቀበሩት፣ በዚህ ይቆጣሉ። እኛ ዘንድ ሙት ዓመት ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ሰው እህል ሳይቀምስ ከድንኳን ይወጣ ነበር።

ነበር ልበል እንጂ። ባለፈው የሕማማት ሳምንት አንድ ዘመዳችን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «ሃፒ ስቅለት» ብሎ ላከ። እንደ ጉድ የልብ ምልክት ወረደለት።