ፀሐይ የሞቀው ስቲከር

«ስለ ስቲከር ደግሞ ምን ይጻፋል?» ይሉኛል። በርሜል አፍ የለውም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ውኃ ይሁን አሲድ የሚናገርለት ስቲከሩ ነው። ስቲከሩ ዝም ያለ ቀን የሚናገረው የሠራተኛው ቆዳ ነው።

ያገራችን ሰው «ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» ይላል። ፀሐይ የሞቀውን ስቲከር ግን ማንም አያውቀው! እዚህ እስራኤል፣ በቂርያት መላኪ፣ በገደራና በያቭኔ ስንቱ ወገናችን ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ ይሠራል? ከመጋዘን ኋላ የተደረደረ በርሜልና ጀሪካን ሐምሌንና ነሐሴን ፀሐይ ላይ ይከርማል። በዓለም ዙሪያ የተስማሙባቸው የኬሚካል አደጋ ምልክቶች ክፈፋቸው ቀይ ነው፤ ቀይ ደግሞ ፀሐይ ቀድማ ከምታጠፋቸው ቀለሞች አንዱ ነው። አደጋውን ከሩቅ የሚያሳየው ክፈፍ ይሄዳል፣ በጥቁር የተጻፈው የሻጩ ስም ይቀራል። ማን እንደሸጠው ታውቃለህ፤ ምን እንደሚያደርግህ ግን ቀርበህ፣ አጎንብሰህ መፈለግ ሊኖርብህ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?» ይላል የግዢ ክፍሉ ሰው፣ ርካሹን ጥቅልል እያሳየ። ሰምቻለሁ። ያ የተባለው ለውል ወረቀት ነው፤ ለበርሜል አይደለም። ርካሹ ጥቅልል እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። ቀለም የለውም፤ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁረው ወረቀቱ ራሱ ነው። ፀሐይ ላይ ሲውል ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ሙቀት ሲበረታበት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይጠቁራል፣ ቲነር ከነካው ጨርሶ ይበላሻል። ዛሬ ገብቶ ነገ ለሚወጣ ካርቶን ይበቃል። አሲድ ለያዘ ጀሪካን አይበቃም።

«እሺ፣ ወረቀቱን ትተን ፖሊስተር ገዛን። አሁንስ?» አሁንማ ቀለሙ አለ! የማተሚያው ሪባን ሰም ከሆነ በጥፍር ይፋቃል። ሰምና ሬዚን የተቀላቀለበት ይሻላል። ዘይትና ቲነር በሚረጭበት ቦታ የሚቆመው ሬዚኑ ነው። ውድ ስቲከር ላይ በርካሽ ሪባን ያተመ ሰው፣ በርሜሉ ላይ የማይለቅ ባዶ ነጭ ነገር ለጥፎ ይቀራል።

«ማጣበቂያውማ አንደኛ ነው፤ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለኝ!» ጣትህ በርሜል አይደለም። ከጎማ የሚሠራው ማጣበቂያ ቶሎ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲበዛበት፣ ነዳጅ ሲነካው ይከዳል። አክሪሊክ የሚባለው ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከያዘ በኋላ ግን ፀሐዩንም ኬሚካሉንም ይችላል። ማታ ለጥፎ ጠዋት የሚልጥ ሰው የሞከረው ማጣበቂያውን ሳይሆን የራሱን ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረገጥ አድርጌ ልናገር፤ ብዙው ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነውና። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ማጣበቂያ የማይወድ ፕላስቲክ ነው። ለብረት የተሠራ ስቲከር እሱ ላይ ሲለጠፍ መጀመሪያ ጠርዙ ይነሣል፣ ጠርዙ ሥር አቧራ ይገባል፣ አቧራው ወደ መሃል ይሄዳል፣ በመጨረሻ ስቲከሩ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ይገኛል። ጀሪካኑም ያለ ስም ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ «ስንት ጥቅልል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ምን ላይ ነው የሚለጠፈው?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ሌላ ሻጭ ይፈለግ። ዘይት ያለበት ገጽ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ደግሞ የተጣበቀው ዘይቱ ላይ ነው። ገጹ በአልኮል ይጠረግ፣ ይድረቅ፣ ስቲከሩ ከመሃል ወደ ዳር ተጭኖ ይለጠፍ።

«እኔ ጋ ፀሐይ የለም፤ የምሠራው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው» ይላል የገደራው። ብርዱም የራሱ ሕግ አለው፤ በቀዘቀዘና በረጠበ ዕቃ ላይ ተራ ማጣበቂያ አይይዝም። ለብርድ የተሠራ አለ፤ እሱ ከሌለ ዕቃው ወደ ብርድ ሳይገባ ይለጠፍ።

«እኛ ጋማ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ሁሉ ነገር ንጹሕ!» ይላል የያቭኔው። ንጹሕ ነው፣ ግን ምድጃ አለው። እርሳስ የሌለበት ብየዳ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን እስከ 240 ወይም 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል፤ እዚያ ፖሊስተር ይጨማደዳል። የሚችለው ፖሊኢማይድ የሚባለው ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ መለያው የማይነበብ ሰሌዳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሲጣልም ይወደዳል።

ዕቃው በአሽዶድ ወደብ በኩል የሚወጣ ከሆነ ክርክሩ ያጥራል። የዓለም አቀፉ የባሕር ጭነት ደንብ አደገኛ ዕቃ የያዘ ጥቅል መለያው ሦስት ወር ሙሉ ባሕር ውስጥ ቢሰጥም እንኳ መነበብ አለበት ይላል። ይህን የሚፈትነው የእንግሊዞች ደረጃ ቁጥር 5609 ነው፤ ማጣበቂያውንም ሕትመቱንም ለየብቻ ይፈትናል። በርሜሉ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የሚያገኘው ዓሣ አጥማጅ የሻጩን ስልክ አያውቅም።

«ታዲያ ስቲከር ሁሉ የዘላለም ይሁን ነው የምትለው?» አላልኩም። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሻገር፣ የብዙዎቹ ግንባር ላይ ቁጥር ያለበት ስቲከር ተለጥፎ ነበር፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይለያይ። ያ ስቲከር ከአንድ ጉዞ በላይ እንዲቆይ አልተጠበቀም። ሥራው ያ ነበር፣ ሠራውም። የበርሜል ስቲከር ሥራ ግን በርሜሉ ባዶ እስኪሆን፣ ታጥቦም እስኪወገድ አያልቅም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ሳይሆን «እስከ መቼ?» ነው።

«ልጄ፣ እኔ ስቲከር አያስፈልገኝም፤ በሽታው አውቀዋለሁ» ያሉ ትልቅ ሰው አሉ። ጋሼ፣ በሽታው ያወቁት ነገር በሽታውን ነው የሚተውልዎት! የቲነሩ ሽታ አፍንጫዎ ሲደርስ ትነቱ ሳንባዎ ገብቷል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለው ሲረጋጉ የበረታው ያኔ ነው።

«ትንሽ ስለሆነ በለስላሳ ጠርሙስ ቀዳሁት።» ወንድሜ፣ ጠርሙሱ ላይ ስቲከር አለ፤ ጥሩ ስቲከር ነው፣ አይደበዝዝም፣ አይላጥም፣ የሚለውም «ጠጡኝ» ነው። ልጅህም ማንበብ ይችላል። ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ የሚቀዳ ሁሉ የራሱን መለያ ይዞ ይቀዳ። ይህ በተለይ ለጽዳት ሠራተኞች ነው፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ እጅ በሚይዘው የመርጫ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ጽሑፍ እስከ ምሳ አይደርስም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱም ጠርሙሶች ስም ከሌላቸው የሚያገናኛቸው ሰው አይጠፋም።

«ተጽፏል አይደል እንዴ? ያላነበበ የራሱ ጉዳይ!» ለዚህ መልስ ኢራቅ ደርሼ ልመለስ። በ1971 መጨረሻ ከውጭ የገባ የዘር እህል ለኢራቅ ገበሬዎች ተከፋፈለ። እህሉ ሻጋታ እንዳያበላሸው በሜርኩሪ መድኃኒት ታሽቶ ነበር፤ ለመዝራት እንጂ ለመብላት አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ጆንያው ላይ ነበር፤ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ! የራስ ቅል ሥዕልም ነበረበት፤ ገበሬው ግን ያ ሥዕል መርዝ ማለት እንደሆነ የነገረው አልነበረም። እህሉ መርዝ መሆኑን እንዲያሳይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሰዉ ሲያጥበው ቀለሙ ለቀቀ፣ መርዙ ቀረ። ጋገሩ፣ በሉ። በመንግሥት መዝገብ 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 459 ሰው ሞተ። መለያው ከመርዙ ቀድሞ ሲሄድ፣ ቋንቋውም የባዕድ ሲሆን የሚመጣው ይህ ነው። «ተጽፏል» ማለት መልስ የሚሆነው የተጻፈለት ሰው ሲረዳው ብቻ ነው።

በ1984 እና በ1991 ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር ከመጡት እናቶቻችንና አባቶቻችን ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያደጉ ገበሬዎች ናቸው። ከመካከላቸው ፋብሪካ ውስጥ ያረጁ፣ ወለል ሲያጥቡ የኖሩ አሉ። «ሳካና» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ሲጠራ ይሰሙታል፤ ተጽፎ ሲያዩት ግን አይለዩትም። ለእነሱ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። ምልክቶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኝ ሥዕል በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፣ የሚያስተምር ካለ። ሥዕሉ ከተፋቀ ግን ለእነሱ መለያው ሁሉ ተፋቀ ማለት ነው። ስለዚህ ስቲከር ስትመርጡ ዓይናችሁን ተቆጣጣሪው ላይ አታድርጉ፤ ወለል የምታጥበዋ እናት ላይ አድርጉ።

«እንዲህ ያለ ቅንጦት ማን አዘዘ?» ሕግ አዘዘ። በ1999 የወጣው የእስራኤል ደንብ አሠሪው የሥራ ቦታውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ሠራተኛው እንደተረዳውም እንዲያረጋግጥ ያዛል። ስለ አደገኛ ዕቃዎች ምደባና መለያም የእስራኤል ደረጃ ቁጥር 2302 አለ። ለእያንዳንዱ ኬሚካል የደኅንነት መረጃ ሰነድ መኖር አለበት፤ በዕብራይስጥ «ጊልዮን በቲሁት» ይባላል፤ ሠራተኛ አሳዩኝ ቢል ነውር የለበትም።

አሠሪዎች ሆይ፣ ሺህ ከመግዛታችሁ በፊት አሥር ናሙና አስመጡ። በራሳችሁ በርሜል ላይ ለጥፉ፣ ሦስት ቀን ተዉት፣ በውስጡ ባለው በዚያው ኬሚካል በነከራችሁት ጨርቅ ጓንት አድርጋችሁ እሹት፣ ጥቂቱን ፀሐይ ላይ አክርሙት። ከሁሉ የተረፈውን ግዙ። ምንም ካልተረፈ ደግሞ ስሙ የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ በሽቦ እሰሩበት።

ሠራተኞች ሆይ፣ ነገ ስትገቡ መለያው የማይነበብ ዕቃ ካገኛችሁ አትክፈቱት፣ አታሽትቱት፣ የትም አትድፉት። ለኃላፊው አሳዩት፤ አዲስ መለያ እስኪለጠፍበት ድረስም ማንም እንዳይነካው አድርጉ።