ሊሊን በበጋ እንዴት መግደል ይቻላል

ደብረ ታቦር ውስጥ በብዙ በረንዳ ላይ፣ በቀለም ቆርቆሮ ወይም አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ እንደ ጥሩምባ የሚከፈት ትልቅ ቀይ ሊሊ ተተክሎ ይታያል። ትውልዷ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ደጋውን ግን ለምዳዋለች። የምትሞተው በአብዛኛው ታማ ሳይሆን ተኝታ ሳለች ነው፤ ገዳዩም የሚወዳት ሰው ነው። አገዳደሉን እንዳለ የምጽፈው አንባቢ ተቃራኒውን እንዲያደርግ ነው።

መጀመሪያ በጥቅምት ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ይደንግጡና ውኃ ያብዙላት። ዝናቡ ሲያበቃ ሊሊ በቅጠሏ ያለውን ምግብ አፈር ውስጥ ወዳለው ሽንኩርት መሰል ራሷ እየሰበሰበች ነው። ሥሯም መጠጣት ስለሚያቆም የሚጨመረው ውኃ በቀዝቃዛው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ተጨምሮበት፣ ቆርቆሮው ቶሎ አይደርቅም። የቡና አተላ በየቀኑ ቢደፉባት ደግሞ እርጥበቱ ይቆያል፤ ቆርቆሮው ከሥር ካልተበሳማ ራሷ ከታች ጀምሮ ይበሰብሳል። በዚህ ወቅት ማዳበሪያ ማድረግም ያው ነው፤ የሚበላው ሥር የለም።

ቀጥሎ ገና አረንጓዴ የሆነውን ቅጠል በመቀስ ይከርክሙት። የሚመጣው ዓመት አበባ የሚፀነሰው አሁን፣ በዚያ ራስ ውስጥ፣ ቅጠሉ ባበሰለው ምግብ ነው። ያለጊዜው የተቆረጠች ሊሊ በሕይወት ትተርፍ ይሆናል፤ በግንቦት የምታወጣው ግን ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠሉ ደርቆ በእጅ ሲጎተት በቀላሉ እስኪለቅ መታገሥ ያሳምማል፣ አውቃለሁ፤ እንግዳ ሲመጣም ያሳፍራል። ቢሆንም ይተዉት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሜዳ ላይ ያሳድሯት። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሁሉ ወደ ላይ ይለቃል፤ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ውርጭ ያገኘው ራስ ውስጡ ውኃ ሆኖ ይቀልጣል። ጣሪያ ሥር፣ ግድግዳ ተጠግታ ብታድር ግን ብዙውን ጊዜ ትድናለች።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ራሷን ቆፍረው ያወጡና ማድ ቤት ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር ያስቀምጣሉ። ይህኛው ስሕተት አበባዋን ሳይሆን ሰውን ይጎዳል። እሷ የምትመደብበት ቤተሰብ ዕፅዋት ራስ ላይኮሪን የሚባል መርዝ አለው፤ የበላው ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ይቆርጠዋል። ልጅ ባለበት ቤት በቆርቆሮዋ እንዳለች ብትተኛ ይሻላል።

በእኛ አገር ለሚገኝ አበባ የአውሮፓን ምክር እንዳለ መከተልም ይገድላል። እዚያ አበባን የሚያስተኛው ቅዝቃዜና የቀን ማጠር ነው። የእኛው ተወላጅ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ወይን ጠጅ የሆነው፣ እዚያ በመጸው ተቆፍሮ ከውርጭ ይሸሸጋል። እዚህ ግን ታኅሣሥም ቢሆን ቀኑ ከ11 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው፤ የሚያስተኛው ድርቀቱ ነው። ገጠሩ የጅብ ሽንኩርት የሚላቸው የሊሊ የዱር ዘመዶችም በጋውን ማንም ሳያጠጣቸው ከመሬት በታች ያሳልፉታል።

ይህን ሁሉ ተቋቁማ ከቆየች የመጨረሻው ዘዴ ፋሲካ ሲደርስ ቤት በሚጸዳበት ሳምንት ነው፦ ባዶ ቆርቆሮ ነው ብለው ከነአፈሯ ይድፏት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ለመነሣት ሳምንታት ብቻ ሲቀሯት ትጣላለች። ከመድፋትዎ በፊት አፈሩን በጣትዎ ገለጥ ያድርጉና ራሷን ጫን ይበሉት። ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፣ ውጪው የደረቀ ልጣጭ ቢመስልም። ጣት የሚሰምጥበትና የሚሸት ከሆነ ብቻ ይጣል። ጎኑ ብቻ የበሰበሰውን ደግሞ በንጹሕ ቢላዋ ቆርጠው አመድ ነስንሰው ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ያድርቁት። አረንጓዴው ጫፍ ብቅ ሲል አንድ ብርጭቆ ውኃ በዙሪያዋ ያፍስሱ፣ አናቷ ላይ ሳይሆን፤ ሁለተኛውን አፈሩ ሲደርቅ ይጨምሩ፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ ደግሞ የሰኔ ዝናብ ይረከብዎታል።