ሐዲዱን አትናቁብን

«ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የሚሉት የጠፈር ጨዋታ ፕላኔቶቹን እንደ ባቡር በሐዲድ ነው የሚነዳቸው። ምኑ ነው ሳይንስ?»

ሐዲዱን ያነጠፈው ኬፕለር ነዋ! ፕላኔት ፀሐይን በሞላላ ምህዋር እንደምትዞር እ.ኤ.አ. በ1609 አሳትሞታል። ጨዋታው በዚያው ቀመር ሰዓቱን አይቶ የፕላኔቷን ቦታ ያሰላል። ጊዜውን 100,000 እጥፍ አፍጥነው፤ ከሐዲዷ ንቅንቅ አትልም!

«እርስ በርስ እንኳ አይሳሳቡም እኮ!»

ይሳሳቡ ያሉ ሞክረውታል። «ፕሪንኪፒያ» የሚባል ማሟያ ሠርተው የኒውተንን ስበት ለሁሉም አደሏቸው። ያን ጊዜ ጁል የምትባለው ግዙፍ ፕላኔት ጨረቃዎቿን አብራ ማኖር አቃታት፤ እንዳይበታተኑ ምህዋራቸውን ማስተካከል ግድ ሆነ።

«የጨዋታው መነሻ ፕላኔት ከርቢንስ? በ600 ኪሎ ሜትር ራዲየስ እንደ ምድር ትስባለች?»

እዚህ ላይ እውነት አለህ፤ ከምድር 10 እጥፍ ገደማ የታመቀች መሆን ነበረባት። ምድርን ለመዞር በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያስፈልግ እዚያ 2.3 ይበቃል። ጀማሪው ቶሎ ምህዋር ይገባል፤ የእንቅስቃሴው ሕግ ግን ያው ነው።

«ሕጉን አውቆ ምን ሊረባው?»

በምህዋርህ ላይ ከፊትህ የቀደመችህን መንኩራኩር እንዴት ትደርስባታለህ?

«ነዳጅ እሰጣለኋ!»

ቀረህ! ነዳጅ ስትሰጥ ከፍ ትላለህ፣ ዙርህ ይረዝማል፣ እሷ ጭራሽ ታመልጥሃለች። ፍጥነት ቀንስ፤ ዝቅ ትላለህ፣ ዙርህ ያጥራል፣ ያኔ ትደርስባታለህ። እ.ኤ.አ. በ1965 የጄሚናይ 4 መንኩራኩር አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ያመጣውን ሮኬት ቅሪት ሊጠጋ ወደዚያው እያነጣጠረ ቢገፋ፣ ቢገፋ፣ ነዳጁ ሲመናመን ተወው። ይህን ጨዋታ የለመደ ልጅ ዛሬ እንዲህ አይሳሳትም። መጽሐፍ ብቻውን ይህን እጅ ውስጥ አያስገባም፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

«ታዲያ እንከን የለውም በለኛ!»

አለው እንጂ። መንኩራኩሯን በአንድ ጊዜ የሚስባት አንድ አካል ብቻ ነው። ስለዚህ የፀሐይና የምድር ስበት ተጋግዘው የሚሠሩበት፣ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ የሚዞርበት የላግራንዥ ነጥብ በዚያ ሰማይ ላይ የለም። ይህ በጣም ያስቆጨኛል።

«እሱስ ይሁን፤ መግዣው ከየት ይምጣ?»

ማርቲን ሽዋይገር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው «ኦርቢተር» የተባለ የጠፈር በረራ ማስመሰያ በነፃ ይገኛል፤ የሚያንቀሳቅሰውም የራሳችንን ፀሐይ ቤተሰብ ነው። የፊዚክስ መምህር ሆይ፣ ትምህርት ቤትህ ውስጥ አንዲት ኮምፒውተር ካለች ጫንባትና ተማሪዎችህን ፊቷ አስቀምጣቸው።